የናዝሬት ጥርስ

እኛ አዳማ ያደግን ልጆች (ናዝሬት ማለት አልተወኝም ይቅርታ) ፎቶ ላይ አፋችንን ገጥመን ነው የምንስቀው። ክላስ ውስጥ ግማሻችን ጥርሳችን ቡኒ ነበር፣ የኔ የፊት ሁለቱ ሻይ የተደፋባቸው ነው የሚመስሉት። አዲሳባ ስሄድ "አንተ ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?" ያለኝ ሰው ብዛት... በመፋቂያ፣ በከሰል፣ በሎሚ ሳይቀር ፍቄዋለሁ፣ ሎሚው ጭራሽ ጥርሴን በላው መሰለኝ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ እስካሁን ይነዝረኛል።

ባለፈው የጥርስ ሀኪም ጋ ሄጄ ነው የገባኝ። ነገሩ ቆሻሻ አይደለም፣ ፍሎሮሲስ ነው የሚባለው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እኛ አካባቢ በተለይ ወንጂ በኩል ከዛ በጣም የሚበልጡ ጉድጓዶች ነበሩ። ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና እየተሰራ እያለ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ ያን ውሃ ከጠጣህ ኢናሜሉ (ጠንካራው የጥርስ የላይኛው ሽፋን) ተበላሽቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ካደግክ በኋላ ብትፍቅ ብትፍቅ አይለቅም። እማዬ ደግሞ ምስኪን ውሃ አፍልታ ነበር የምታጠጣን፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም፣ እንደውም ውሃው ሲተን የቀረው ላይ ይበዛል።

ህክምናው ቀለል ላለው ላዩን በስሱ ይሞርዱታል ወይ ያነጡታል፣ ለባሰው የጥርስ ቀለም ባለው ነገር ይሸፍኑታል። እኔ ብር ስላልነበረኝ ሁለቱን ብቻ አሸፈንኩ፣ አሁን የጎረቤቶቹ ቡኒነት ባሰ ሃሃ።