ሌሊቱ ሲረዝም የሚነበብ መጽሐፍ፦ እንዴት መምረጥ እንደተማርኩ

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር፣ ከሥራ ስወጣ ሰማዩ ጠቁሮ ሲጠብቀኝ፣ ቶሎ ቤቴ ገብቼ ብርድ ልብስ ደርቤ ማንበብ ያምረኛል። ይህ አምሮት ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ለዚያ ሰዓት የሚሆነውን መጽሐፍ መምረጥ ግን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም አንድ ክፉ መፀው ካሳለፍኩ በኋላ።

ያን ዓመት አባቴ ታሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስንሯሯጥ ውለን ማታ ጋደም ስል እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። መጽሐፍ ያሳርፈኝ ይሆናል ብዬ በአንድ ጊዜ አምስት ልብ ወለድ ገዛሁ። የመረጥኳቸው ሽፋናቸውን አይቼ ነው፤ የረገፈ ቅጠል፣ እንፋሎቱ የሚተን ስኒ፣ ዝናብ ያረጠበው መስኮት፣ ወንበር ላይ የተጠቀለለች ድመት። ከአምስቱ የጨረስኩት ሁለቱን ብቻ ነው። ድመቷ ያለችበት መጽሐፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሕፃን ልጅ ይጠፋል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ንባቡን አቋርጬ፣ ልጁ ይገኝ እንደሆነ ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጥኩ። አልተገኘም። መብራቱን ሳላጠፋ ነጋ።

ይህን ለታላቅ እህቴ ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ፈልገሽ ነው ማታ ማታ የምታነቢው?» አለችኝ። «ዕረፍት» አልኳት። «ታዲያ የምታውቂውን አንብቢያ! መጨረሻው ምን እንደሆነ የምታውቂውን።» በማግስቱ ልጆች ሳለን እየተሻማን የምናነበውን፣ ጥራዙ የለቀቀ መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች።

የዚያን መጽሐፍ ነገር በቀላሉ አልረሳውም። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚመለስ አውቃለሁ። ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚለው ስጋት ሲነሳልኝ ጆሮዬ ለቋንቋው ተከፈተ፤ ልጅ ሆኜ ዘልዬው ያለፍኩትን፣ አንዲት ሴት እርጥብ ካፖርቷን እሳት አጠገብ ስትሰቅል የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ሦስት ጊዜ መላልሼ አነበብኩት። ውሃው ከካፖርቱ ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል፣ ወለሉ ሲጠቁር፣ ሴትዮዋ ቆማ ስታየው። ሌላ ምንም የለም። እኔ ግን በብዙ ሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ሞቅ ያለ መጽሐፍ ማለት ሐዘን የሌለበት ማለት እንዳልሆነ ገባኝ። ከአምስቱ አንዱ ሰው ሁሉ ደግ፣ ነገር ሁሉ መልካም የሆነበት ነበር፤ አርባ ገጽ ሳልደርስ ሐሳቤ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ። ልቤን የሚይዝልኝ ጭንቀት መጽሐፉ ውስጥ መኖር አለበት። የምፈልገው፣ ወዴት እንደሚወስደኝ የሚያውቅና መንገድ ላይ ጥሎኝ የማይሄድ ተራኪ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። መጽሐፉ ንዑስ ርእስ አለው፤ ወደዚያ ሄዶ መመለስ እንደማለት ነው። ዘንዶው፣ ጨለማው ዋሻ፣ ጦርነቱ ሁሉ አለ፤ ግን ገና ሽፋኑን ሳንገልጥ መመለስ እንዳለ ተነግሮናል። ታሪኩም የሚጀምረው ከቤት ነው፤ ክብ በሩን፣ ኮት መስቀያዎቹን፣ የምግብ ማከማቻ ክፍሎቹን አሳይቶን ነው ወደ አደጋው የሚወስደን።

ሰው ተገድሎ ገዳዩ የሚፈለግበት ልብ ወለድም ለዚህ ሰዓት ይሆናል ብል የሚገረሙ አሉ። እኔ ከልቤ ነው የምለው። አንድ ወገኑ አለ፤ ግድያው ከዓይናችን ርቆ ይፈጸማል፣ ደም አይዘረዘርም፣ ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ትንሽ መንደር ነው፣ መርማሪውም ፖሊስ ሳይሆን ሹራብ እየሠራች የጎረቤቱን ወሬ የምታዳምጥ አሮጊት ልትሆን ትችላለች። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ እንዲህ ያለችውን አሮጊት፣ ሚስ ማርፕልን፣ ዋና መርማሪ ያደረገችበት የመጀመሪያው ልብ ወለድ የወጣው በ1930 ነው። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ማበቡ አይደንቀኝም፤ ያን ሁሉ ሞት ያየ አንባቢ፣ ቢያንስ መጽሐፍ ውስጥ፣ ምክንያቱ የሚታወቅለት ሞት ሳያሰኘው አይቀርም።

የወቅቱ ስም ርእሱ ላይ መኖሩም ዋስትና አይደለም። ፊንላንዳዊቷ ደራሲ ቶቬ ያንሶን ሙሚኖች ስለሚባሉ ምናባዊ ፍጡራን ከጻፈቻቸው ልብ ወለዶች የመጨረሻው ርእሱ ላይ ኖቬምበርን ይዟል፤ የታተመው እናቷ በሞተችበት ዓመት፣ በ1970 ነው። እንግዶች ወደ ሙሚኖቹ ቤት ይመጣሉ፣ ቤተሰቡ ግን የለም፤ ይጠብቃሉ። እጅግ የምወደው መጽሐፍ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ቀን፣ ብርሃን ሳለ እንጂ ማታ አላነበውም።

አሁን መጽሐፍ ሳነሳ ሽፋኑን አልፌ መሐሉን እከፍታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ብዙ የተደከመበት ስለሆነ ደራሲውን አይገልጠውም፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው መሐሉ ላይ ነው። ምን ላይ ይዘገያል? ሰው ሲጎዳ ላይ ወይስ ሰው መብራት ሲያበራ ላይ? ከዚያ አንዱን አንቀጽ በለሆሳስ ድምፅ አውጥቼ አነበዋለሁ። በተለይ የትርጉም ሥራ ከሆነ ይህን አልዘለውም፤ አንደበቴ ላይ የተደናቀፈ ዓረፍተ ነገር ደክሞኝ ሳነበውም ይደናቀፋል። በመጨረሻ የሁለት ሦስት ምዕራፎችን መዝጊያ አያለሁ። ሁሉም ልብ አንጠልጥለው የሚተዉ ከሆነ፣ መጽሐፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን እንቅልፍ ይነሳል። ምዕራፉ ከአሥራ አምስት ገጽ ካልበለጠ ደስ ይለኛል፤ በአንድ ማታ ሃያ አምስት ገጽ ያህል ስለማነብ ባለ 300 ገጹ አሥራ ሁለት ሌሊት ይዞኝ ይቆያል። ክብደቱንም እመዝናለሁ፤ ጋደም ብሎ ለሚያነብ ሰው ባለ 800 ገጽ ጥራዝ እጅ ያዝላል።

ምርጫውን የምጨርሰው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ነው፤ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ገደማ ይውላል፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ቀኑን እየበለጠው ይሄዳል። ከሦስት በላይ አልይዝም። አንዱ የግድ ቀድሞ ያነበብኩት ነው። አንዱ አዲስ። ሦስተኛው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ነው፤ ዓይኔ ሊከደን ሲል የሚረዝም ታሪክ መጀመር ስለማልችል።

አባቴ ዳነልኝ፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። ካለፈው መፀው ጀምሮ ማታ ማታ ስልክ እየደወልኩ እህቴ ያመጣችልኝን ያን መጽሐፍ አነብለታለሁ። «እ» እያለ ይከተለኛል። «እ» ማለቱ ሲቀርና አተነፋፈሱ ሲለወጥ ትንሽ ጠብቄ፣ የደረስኩበት መስመር ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ፤ በማግስቱ ከነጥቡ እንጀምራለን። ካፖርቱ የሚሰቀልበት ገጽ ላይ አራት ነጥብ አለ።