ከሰልፉ መልስ፣ በቡሬ መንገድ

ጎጃም የሄድኩት ጣሊያንን ያስወጣው የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ያለፈበትን መንገድ ለማየት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነበር። ግንቦት 2014 ላይ ግን ከቤት ያስነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ፣ ራሺያ ኤምባሲ በር ላይ ወጣቶች ተሰልፈው ሰነበቱ። ወሬው «ለዩክሬን ጦርነት ሰው እየመዘገቡ ነው፤ ሁለት ሺህ ዶላር ይሰጣል» የሚል ነበር። ኤምባሲው ማንንም እንደማይመዘግብ፣ ሰዎቹም የመጡት አጋርነታቸውን ለመግለጽ እንደሆነ ተናገረ። ከተሰለፉት መሃል ግን የውትድርና ማስረጃ በእጃቸው የያዙ ነበሩ። አጋርነት ለመግለጽ የመሰናበቻ ወረቀት ምን ያደርጋል?

የዚህ ታሪክ ተገላቢጦሽ ያለው ጎጃም ነው። በ1933 ከሩቅ አገር የመጡ ወጣቶች በሰው ጦርነት የተዋጉት እዚህ ነው። ለእነሱ «የሰው ጦርነት» የእኛ ጦርነት ነበር።

የዓባይን በረሃ ሁሉም ሰው ስለጻፈበት እዘለዋለሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍሬኑ ሸተተ፤ ሴቶቹ አማተቡ፤ ረዳቱ ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ደጀን ወጥተን ቁርስ በላን። ደብረ ማርቆስ የገባነው ጸሐዩ ሲከር ነው።

ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 የሱዳንን ድንበር ተሻግረው፣ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 27 ነው። ከጣሊያን ጋር አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉ እጅ የነሱትም እዚሁ ከተማ ነው። ጃንሆይን አጅቦ የገባው አነስተኛ ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ገና 38 ዓመቱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አጥብቆ ያነባል፤ ለዚህም ይመስላል ጦሩን በጌዴዎን ስም የጠራው። ጥቂት ሰው ይዞ ብዙውን ማስደንገጥ ነበር ሥራው። የባጃጅ ሹፌሩን ዊንጌት ማን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«አዲስ አበባ ያለ ሰፈር አይደል እንዴ?» አለኝ።

እሱም እውነቱን ነው።

ዊንጌት ይዟቸው ከመጣው መሃል ዛሬ የሚያስገርሙኝ በፈቃዳቸው የመጡት ናቸው። ከአውስትራሊያ መድፈኛ ክፍል ወጥተው የመጡ ጥቂት ሳጅኖች ነበሩ። ከፍልስጤም የመጡ አይሁድ ሐኪሞች ነበሩ። እንግሊዛዊው መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነበር፤ እሱ እንኳ የተወለደው አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ጦርነቱን እንደራሱ ቢያየው አይፈረድበትም። አውስትራሊያዊው ሳጅን ግን ቡሬ የሚባል ከተማ መኖሩን ከመምጣቱ በፊት የሚያውቅ አይመስለኝም።

በማግስቱ ጠዋት የቡሬን ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ዕድሜው ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ቢሆን ነው። ቦርሳውን ከላይ ጫነና አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ፋይል ጭኑ ላይ አስቀመጠ። መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጁ ይይዘዋል። ወሬ ጀመርን። ምን እንደሆነ ስጠይቀው ሳይደብቅ ከፈተው። የመሰናበቻ ወረቀቱ ላሚኔት ተደርጓል። ሥሩ ኮፒዎቹ በስቴፕለር ተይዘዋል፤ ኮፒው ላይ ማኅተሙ ጥቁር ክብ ብቻ ሆኗል። ጉርድ ፎቶዎች በትንሽ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሉ። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ሳይቀር አለ።

«የስምንተኛ ክፍል ካርድ ለምን?» አልኩት።

«ምን እንደሚጠይቁ አይታወቅማ፣ ጋሼ። ሁሉን ይዞ መሄድ ነው።»

ራሺያ ኤምባሲ በር ላይ ከተሰለፉት አንዱ ነው። መጀመሪያ ስም ሲጽፉ ማየቱን፣ ኋላ ግን «ሂዱ» ተብለው መበተናቸውን ነገረኝ። እንደማይጠሩት ያውቃል። ፋይሉን ግን አልጣለውም።

«ዩክሬንና ራሺያ በምን እንደተጣሉ ታውቃለህ?»

«እሱ የነሱ ጉዳይ ነው» አለና ሳቀ። «ሁለት ሺህ ዶላር በባንኩ እንኳ መቶ ሺህ ብር ያልፋል። ያውም በወር ነው ያሉት። እኔ አንድ ጊዜ ዘምቻለሁ። ጥይት አላስደነገጠኝም። ተመልሼ ስመጣ ያስደነገጠኝ የኑሮው ዋጋ ነው።»

ምን ይባላል? ልጁ ደም የጠማው አይደለም። ራሺያንም አይወድ፣ ዩክሬንንም አይጠላ። በእጁ ያለ ሙያ አንድ ነው፤ ገዢ የተገኘ መሰለው። አዲስ አበባ ሆነን «እነዚህ ልጆች ምን ነክቷቸው ነው» ስንል የሰነበትነው፣ ትንሽ ቢያስነውረን ደስ ይለኛል።

ወደ ደምበጫ ስንቃረብ እኔ ወሬውን ተረከብኩ። እዚህ አካባቢ፣ የካቲት 27 ቀን 1933፣ የዊንጌት ጦር አንድ ክፍል ቡሬን ለቆ በሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር መንገድ ላይ ድንገት ወደቀ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ይባላል። ጥቂት መቶ ሰው ነው። የመጣበት ጦር ብዙ ሺህ፣ ያውም ብረት ለበስ ያለው። ሻለቃው ተፋልሞ ብዙ ሰው ወደቀበት። ጣሊያንም መንገዱን ጥሶ አለፈ፤ ግን ልቡ ተሰብሮ ነበር፤ ደብረ ማርቆስንም በወሩ ለቀቀ።

እነዚህ ወታደሮች እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ወደ ኬንያ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዓመታት በስደተኛ ካምፕ ተቀምጠው፣ በእንግሊዝ ጦር ሥር ተመልምለው፣ በሱዳን ዞረው የገዛ አገራቸው የገቡ። ስለ ዊንጌት ብዙ ተጽፏል። በስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት አለ። ከካምፕ ተነሥተው መጥተው ደምበጫ ላይ ለወደቁት ግን በመስኮት ሳይ ያገኘሁት መታሰቢያ ባሕር ዛፍና በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ብቻ ነው።

ልጁ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ጠየቀ፦ «ደሞዝ ነበራቸው?»

«የወታደር ደሞዝ ይኖራቸዋል።»

«ካምፕ ውስጥስ ምን ነበራቸው?»

ዝም አልኩ። ወዴት እየነዳኝ እንደሆነ ገብቶኛል። «አያዩም?» አለኝ። አገራቸው ስለሆነ ነው እንጂ እንዲህ አይነጻጸርም ብዬ ልከራከር ፈለግኩ። ረዳቱ «ደምበጫ ወራጅ አለ?» አለና አዳነኝ።

ቡሬ ስንደርስ «ያለ ምሳማ አይሄዱም» አለ። አያቱ በ33 የነበረውን በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ግብዣ እምቢ አይባልም።

አያቱ ዘጠናን ሊደፍኑ ነው። ስንደርስ ጓሮ የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። አዛውንቱ ችግኙን በሁለት ጣታቸው ገለጥ እያደረጉ፣ ሣሩን ብቻ መዘዝ ያደርጋሉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሰላምታችን ሲያልቅ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«ያኔ ከብት ጠባቂ ነበርኩ» አሉ። «ግመል አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን በዚያ ተረተር መዓት ግመል መጣ። እኛ ልጆቹ ሸሸን። ኋላ ግን አሳዘኑን። የቆላ ከብት ናቸው፤ ደጋውን አልቻሉትም። መንገድ ለመንገድ ይወድቃሉ። የዚያን ዓመት የጠገበ ጅብ ነው።»

ልክ ናቸው። ጦሩ ስንቅና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። ከሱዳን የተነሡት ወደ 15,000 እንደነበሩ ይጻፋል። ዘመቻው ሲያልቅ በሕይወት የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ለእነዚያ እንኳ «ትዘምታላችሁ ወይ?» ያላቸው የለም።

ምሳ ቀረበ። ድንች ወጥ ነው፤ በርበሬው ዓይን ያስነባል። በጠላ አወራረድነው። ስለ ፈረንጆቹ ጠየቅኳቸው።

«ፈረንጆቹ ጀግኖች ነበሩ፤ ሐሰት አይወራም። ሱዳኖቹም እንደዚያው። ነገር ግን ልጄ፣ ፈረንጁ ሲመጣ አባቴ አምስት ዓመት በረሃ ከርሞ ነበር። መጥቶ አገኘን እንጂ አልጀመረልንም። ደግሞስ ጣሊያን እንግሊዝን ባይነካ ኖሮ ይመጣ ነበር?»

መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበትን እሳቸው ከመደብ ላይ ሆነው ደረሱበት። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ላላት አገዛዝ እውቅና ሰጥታ ነበር። ነገሩ የተገለበጠው ጣሊያን ሰኔ 1932 ጦርነት ስታውጅባት ነው። በነሐሴ የእንግሊዝ መልእክተኞች ጎጃም ገቡ።

ማንም ሳይነካቸው ሊመጡ የፈለጉም ነበሩ፤ እነሱን ላነሣላቸው ወደድኩ። ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሺህ ጥቁር ወጣቶች ለኢትዮጵያ ልንዋጋ ብለው ተመዝግበዋል። የአሜሪካ ሕግ በሌላ አገር ጦር መመዝገብን ይከለክላል ተብሎ ቀሩ። ሾልከው ከመጡት ጥቂቶች አንዱ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ነው። በ1927 መጣ፣ በጦርነቱ ለጃንሆይ አውሮፕላን አበረረ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1946 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ የተቀበረው አዲስ አበባ ነው።

«እሱ ይለያል» አሉ አዛውንቱ። «እሱ ዘመድ ነው።»

ልጁ ይህን ጊዜ ፋይሉን አመጣው። አያቱ ላሚኔቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ፎቶውን ግን ከፊቱ ጋር አመሳከሩት። ኤምባሲው፣ ዶላሩ፣ ሰልፉ ሁሉ ተነገራቸው። የልጁ እናት እንጀራ ልትጨምር ገብታ እዚያው ቆማ ቀረች። ለካ እሷም ገና መስማቷ ነው። እሷ የምታውቀው ልጇ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ እንደሄደ ነው።

አያት ቁጣ አልቆጡም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«እሺ፣ ሄድህ። ብሩ በወር በወር ይመጣል?»

«በባንክ ይገባል ነው የሚሉት፣ አባባ።»

«አንተ የወደቅህ እንደሆነስ? እኔ የማን ደጅ ሄጄ ነው የምጠይቀው? አባቴ ቢወድቅ የት እንደወደቀ አገሩ ያውቃል። ጃንሆይ ባይክሱን ጎረቤት ያርስልናል። አንተን የሚያውቅ ማን አለ እዚያ?»

ልጁ «ውል አለው» አለ። ቀጠለና «ይኖረዋል» አለ። እናቱ ሞሰቡን አንሥታ ወጣች።

በማግስቱ ወደ እንጅባራ፣ ከዚያ ወደ ዳንግላ ተጓዝኩ። እንጅባራ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀርከሃው ያምራል፤ ፈረስ እንደ ጉድ ነው። ጃንሆይ መጀመሪያ ያረፉበት የበላያ ተራራ ወደ ምዕራብ ርቆ ስላለ፣ መንገዱም አይመችም ስላሉኝ ተውኩት።

ክረምቱ ሲገባ ልጁ ደወለልኝ። በርበሬው ተተክሏል። እሱ የሰው ባጃጅ በተራ ይነዳል። ወሬያችን ሊያልቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አዲስ አበባ ነው ያሉት። ዩክሬኖቹስ አይመዘግቡም እንዴ?»

«ሽማግሌው ምን አሉህ?»

«እሳቸውማ ‹የወደቀውን ሰው ሬሳ የሚልከው የትኛው እንደሆነ አጣርተህ ተመዝገብ› አሉኝ። እስቲ ይጠይቁልኝ።»