የተራራ ግጦሽ መሬትን በአካፋ ስለይ የተማርኩት

ሥራው ሲሰጠኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ተራራማ የግጦሽ መሬት አለ። አፈሩን ለይ፤ የቱ ለግጦሽ፣ የቱ ለድርቆሽ እንደሚሆን፣ የቱ ደግሞ ተከልሎ መቆየት እንዳለበት በካርታ አሳይ። ይኸው ነው። የሳተላይት ምስል አወረድኩ፣ የከፍታ መረጃ ደረብኩበት፣ ከዚያ ቀለም መቀባት ጀመርኩ። አረንጓዴ የበዛበትን ሁሉ «በጣም ተስማሚ» አልኩት። ገረጣ ያለውን ዝቅ አደረግኩት።

ካርታውን ይዤ ስወጣ የመጀመሪያው ስህተት የጠበቀኝ ሸለቆው ግርጌ ላይ ነው።

ለምለም ሜዳ ነው። በካርታዬ ላይ ከሁሉም የበለጠው ቦታ እሱ ነበር። አብረውኝ የወጡት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሁሉ እዚያ ተራራ ላይ ከብት ያረቡ ናቸው። «ልጄ፣ በዝናብ ጊዜ እዚህ ላም አናስገባም። ትሰምጣለች» አሉኝ። አካፋዬን አነሳሁና መቆፈር ጀመርኩ።

የላይኛው 20 ሳንቲሜትር ጥቁር ነው፤ ሥር በሥር የተጠላለፈ። ከዚያ በታች አፈሩ አመድማ ሆነ። በአመድማው መሃል፣ በተለይ የሥር መተላለፊያ በነበሩት ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ የዝገት ነጠብጣብ አለ። ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ አፈሩ አየር ያጣል፤ ቀይና ቡኒ ቀለም የሚሰጠው ብረትም ሟሙቶ ይሄዳል፣ አፈሩ ይገረጣል። ውሃው ሲሸሽ አየር በቀዳዳዎቹ ይገባና ብረቱ እዚያው ይዝጋል። ሽማግሌው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን የጉድጓዱ ግድግዳ ደገመልኝ። እንዲህ ያለ እርጥብ መሬት ላይ ከብት ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ማስረጉን ይተዋል፣ ሣሩም ከነሥሩ ይነቀላል።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። ከተራራው ጫፍ እስከ ግርጌው አንድ መስመር አሰመርኩ። ተዳፋቱ በተቀየረ ቁጥር እቆማለሁ፣ እቆፍራለሁ። አፈር ተዳፋትን ተከትሎ በቅደም ተከተል ስለሚለዋወጥ ይህ ዘዴ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ጫፉ ላይ ስስና ድንጋያማ ነው፤ ከላይ የታጠበው ወርዶ የተከማቸበት እግርጌው ላይ ጥልቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ውሃ ያዘለው ሜዳ አለ።

ጫፉ ላይ አካፋው 15 ሳንቲሜትር ላይ ቋጥኝ ነካ። ከላይ ያለው ሣር ከእግርጌው ሣር ብዙም አይለይም ነበር። አለት ከ25 ሳንቲሜትር ሳይርቅ የሚገኝበትን እንዲህ ያለ አፈር ባለሙያዎች ሌፕቶሶል ይሉታል። የሚይዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲያቆም ቶሎ ይደርቃል። አንዴ ከተጠረገ ደግሞ በእኛ ዕድሜ አይመለስም።

በየጉድጓዱ የማየው ጥልቀቱን፣ ቀለሙን፣ የድንጋዩን ብዛትና አፈሩ በእጅ ሲያዝ የሚሰጠውን ስሜት ነው። የመጨረሻውን በጣም ወድጄዋለሁ። እፍኝ አፈር አርጥበህ እንደ ሊጥ ታሸዋለህ፤ ከዚያ በአውራ ጣትህና በጠቋሚ ጣትህ መካከል እየገፋህ እንደ ጥብጣብ ታወጣዋለህ። ጨርሶ ካልወጣ አሸዋ በዝቶበታል። ሳይበጠስ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ ከሄደ ሸክላ በዝቶበታል። ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ መሣሪያ አይፈልግም።

ሁለተኛው ስህተቴ በቁጥር ነበር፤ እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። የተዳፋት መለኪያዬ በዲግሪ ያነብ ነበር፣ ሠንጠረዤ ግን በመቶኛ ነው፤ ማለትም አግድም 100 ሜትር ሲኬድ ስንት ሜትር እንደሚወጣ። 45 ዲግሪ ማለት 100 በመቶ ነው፤ 30 ዲግሪ ደግሞ 58 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በግጦሽ አያያዝ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ አለ። ተዳፋቱ ከ11 እስከ 30 በመቶ ሲሆን ለከብት ከሚታሰበው መኖ 30 በመቶውን ትቀንሳለህ፣ ከ31 እስከ 60 ከሆነ 60 በመቶውን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ በላይ ምንም አትቆጥርም። እኔ 30 ዲግሪውን 30 በመቶ ብዬ ስመዘግብ 40 በመቶ መቁጠር የነበረብኝን ሣር 70 በመቶ ቆጠርኩ። በዚያ ስሌት ቢሠራ ኖሮ ከመሬቱ አቅም በላይ ከብት ይወጣ ነበር። በግና ፍየል ዳገት ስለሚችሉ ይኸው ቁጥር ለእነሱ አይሠራም።

ምደባውን ስጽፍ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመሬት ግምገማ ማዕቀፍ ተጠቀምኩ። የወደድኩለት ነገር «ጥሩ መሬት» ብሎ አለመነሳቱ ነው፤ ለየትኛው አገልግሎት ተስማሚ እንደሆነ ይጠይቃል። እኔ ወቅትን ጨመርኩበት። ያ እርጥብ ሜዳ አሁን በምደባዬ ላይ ሁለት መስመር አለው፦ በዝናብ ወቅት ለከብት አይስማማም፤ ሲደርቅ ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። ስሱ ጫፍ ተከልሏል። ድርቆሹ እግርጌው ላይ ካለው ጥልቅ አፈር ይታጨዳል።

በስተምሥራቅ ያለውን አንድ ወገብ ግን ቀለም ሳልቀባ ተውኩት። እዚያ የቆፈርኩት ሁለት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ አንዱ 80 ሳንቲሜትር ወረደ፣ ሌላው 30 ላይ ቋጥኝ አገኘ። ዝናቡ ሲያባራ ተመልሼ እቆፍራለሁ።