በዶሮ መዝለያ አንድ አሮጌ ድልድይ ከሥሩ እንዳየሁት

ከደሴ ኮምቦልቻ ለዓመታት ስመላለስ ዶሮ መዝለያን ያየሁት በሚኒባስ መስኮት ብቻ ነበር። ለጉዞው ያነሣሣኝ አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የላከልኝ ፎቶግራፍ ነው፤ ጭር ባለ የገጠር መናፈሻ ውስጥ የቆመ፣ እንደ ቤት ግድግዳና ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ ያሳያል። ጣሪያው መንገደኛን ከዝናብ የሚያስጠልል መስሎኝ ነበር፤ ወንድሜ ግን የሚጠለለው ድልድዩ ራሱ መሆኑን አስረዳኝ። ሸክም የሚይዙት እንጨቶች ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው በ10 ወይም በ20 ዓመት ይበሰብሳሉ፤ ጣሪያ ከለበሱ ግን ከ100 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። ታዲያ የእኛዎቹ የድንጋይ ድልድዮች ያለ ጣሪያ እንዴት ቆዩ?

2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ 1,850 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቦርከና ወንዝም አብሮ ይወርዳል፤ ሸለቆው ዶሮ ትዘለዋለች እስኪባል የሚጠብበት ቦታ ነው ዶሮ መዝለያ። ጣሊያን በሚያዝያ 1928 ደሴን ከያዘ በኋላ ከአዲስ አበባ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ በዚህ በኩል አሳልፎ ሠራው፤ በሚያዝያ 1933 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞች ደሴን ለማስለቀቅ በእነዚሁ ተራሮች ላይ ተዋጉ። እኔ የፈለግሁት ግን ወደ መንደር በሚያስገባ ጥርጊያ ላይ ያለውን፣ ሰዉ «የጣሊያን ድልድይ» የሚለውን፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት በነሐሴ መሆኑ ስሕተት ነበር፤ ውሃው ሞልቶ ወደ ሥሩ መውረድ አልተቻለም። ከላይ ቆሜ ማንንም ሳልጠይቅ ፎቶ ሳነሣ አንድ የአካባቢው ሚሊሻ አስቁሞኝ፣ ድልድይ ለምን እንደማነሣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቀኝ። አልፈረድኩበትም። በጥቅምት ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት በአጠገቡ ከብት ወደሚያግዱ አንድ አዛውንት ነው።

«አባቴ፣ ድልድዩን ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት፤ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ። ድልድይ ግን ከላይ አይታይም፤ ውረድ» ብለው በትራቸው ቁልቁለቱን አሳዩኝ።

ከሥር ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ተደርገው የተጠረቡት ድንጋዮች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ በመጋጠሚያቸው የሰረገው ውሃ ነጭ የኖራ መስመር ጥሎ ወርዷል፣ በአንዱ ስንጥቅ ውስጥም የሾላ ችግኝ በቅሏል። አሸዋ የጫነ አይሱዙ በላያችን ሲያልፍ በደመ ነፍስ ጎንበስ ብል አዛውንቱ ሳቁብኝ፤ ከአቧራ በቀር የወረደ ነገር አልነበረም። ሸክም ሲጫንበት ድንጋዮቹ ይበልጥ እየተጣበቁ ክብደቱን ወደ ግራና ቀኝ መቆሚያዎቹ ያስተላልፋሉ፤ ስለዚህ መታየት ያለበት መቆሚያው ነው። አዛውንቱም እጄን ይዘው ወደዚያ ወሰዱኝ። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ከመሠረቱ ሥር ቀዳዳ ከፍቷል፤ እጄን ብሰደው እስከ ክርኔ ገባ። የወንድሜን ድልድይ ውሃ የሚያጠቃው ከላይ ነው፣ የእኛን ግን ከታች፤ ጣሪያ ምንም አይፈይድለትም። የመንደሩ ሰዎች ክረምት በወጣ ቁጥር ቀዳዳውን በድንጋይ እንደሚሞሉት አዛውንቱ ነገሩኝ፤ የዘንድሮው ገና ስላልተሞላ አምስት ስድስት ድንጋይ አብሬ አቀበልኩ።

ያላሰብኩበት መመለሻዬን ነው፤ ከኮምቦልቻ የሚመጡት ሚኒባሶች ሞልተው ስለሚያልፉ መሀል መንገድ ላይ የሚያሳፍር አይገኝም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምኩ በኋላ ያው አይሱዙ አሸዋውን አራግፎ፣ እንደገና ሊጭን ወደ መንደሩ ሲመለስ አገኘሁት፤ ሾፌሩም ጭኖ ሲወጣ ደሴ እንደሚያደርሰኝ ነግሮኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ እኔ ግን ያ ቀዳዳ በየትኛው ጎማ በኩል እንደሆነ እያሰላሁ ነበር።