ሙዚቀኛ ያልነበሩት ሟች
ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ካለችው ሜዳን ከተማ ፓራፓት ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከዚያ በጀልባ ቶባ ሐይቅን አቋርጠን ሳሞሲር ደሴት ላይ፣ ቶሞክ መንደር ወረድን። ሐይቁ የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። በዙሪያው የሚኖሩት ባታኮች ለመቃብር የሚያወጡትን ወጪ ሳይ፣ ለቤታቸው የተረፋቸው መኖሩን ተጠራጠርኩ።

ቶሞክ ውስጥ የሲዳቡታር ነገሥታት የድንጋይ መቃብሮች አሉ። ኡሎስ የሚባለውን የባህል ጨርቅ ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን ገባን። ሣጥኖቹ ጀልባ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ላይ ሲንጋ የሚሉት ዓይኑ የፈጠጠ ፍጡር ተቀርጿል።

እኔን ያስቆመኝ ግን መንገድ ዳር ያለ፣ የሰዎች ምስል የተቀረጸበት የሲሚንቶ መቃብር ነው። አንዱ ሰው በተርታ የተሰቀሉ ከበሮዎች ይመታል፣ ሌላው ይነፋል፣ ሦስተኛው ጎንግ ይዟል።

«ሟቹ ሙዚቀኛ ነበሩ?» አልኩት አስጎብኚዬን።

ሳቀብኝ። «የልጅ ልጅ ያዩ ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹን ድሮ ኩሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሰው ሳኡር ማቱዋ ይባላል። ሞቱ ሙሉ ነው፤ ጎንዳንግ የሚሉት የከበሮና የጎንግ ሙዚቃ ይመታለታል፣ ዘመድ ቶርቶር የሚባለውን የባህል ጭፈራ ይጨፍራል። ጎንዳንግ ደግሞ ማዳመቂያ ብቻ አይደለም። ታጋኒንግ የሚሏቸው አምስቱ ከበሮዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ ስላላቸው ዜማ ይወጣባቸዋል። በድሮው እምነት ደጋሹ ልመናውን ለሙዚቀኞቹ ይናገራል፤ እነሱ በምታቸው ለፈጣሪው ለሙላጃዲ ና ቦሎን ያደርሱታል። ለዚህም ነው ታጋኒንግ መቺው በአምላክ ስም ባታራ ጉሩ እየተባለ የሚከበረው። ለካ ያ ቅርጽ ጸሎት ኖሯል!

የጀርመን ሚሲዮናውያን ይህን ጠንቅቀው አውቀውታል። የሙታን መንፈስ መጥሪያ ነው ብለው ምእመናቸውን ከለከሉ። ዛሬ ብዙ ቀብር ላይ ትራምፔት ይነፋል። እዚህኛው መቃብር ግን ጫፉ ላይ መስቀል አለው፣ ከሥሩ ከበሮ። ሁለቱም ተስማምተው ይኖራሉ።

«ልጅ ሳይወልድ የሞተስ?» አልኩት።

ሲጋለ-ጋለ ወደሚታይበት ወሰደኝ። በገመድ የሚንቀሳቀስ፣ ኡሎስ የለበሰ የእንጨት ሰው ነው። ድሮ ወራሽ ለሌለው ሟች፣ በልጅ ፋንታ በጎንዳንግ የሚጨፍርለት እሱ ነበር። አሁን ለቱሪስት ይወዛወዛል። መጀመሪያ ስቄ ነበር፤ ምክንያቱን ስሰማ አፌን ዘጋሁ።

ስንወጣ አስጎብኚዬ ስለ አባቱ አወራኝ። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ከተወለደ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ኦምፑ» ተብሎ የሕፃኑ ስም ይከተላል። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «አንተስ፣ ስንት ልጅ አለህ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

በአገጩ ወደ እንጨቱ ሰው ጠቆመኝና በሳቅ ሞተ።