ጊቤ ላይ ለምን ነበር የምንቆመው

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፣ የጅማን ሐምሌ መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኔም ስለደበረኝ የትም ሳልሄድ ቆርቆሮው ስር ከአባዬ መኪና ጋር ዋልኩ።

የፍሬን ቱቦዎቿን እየቀየርኩ ነው። እህቴ ሻንጣዋ ውስጥ ጠቅልላ ያመጣችልኝ የማይዝገው ብረት፣ ስቴይንለስ ስቲሉ፣ 4.75 ሚሊው። ሲያዩት ያምራል ሲሰሩት ግን ልብ ያደርቃል። ድርቅ ያለ ብረት ነው፣ በማጠፊያ ካልሆነ ይጨፈለቃል፣ ጫፉን ለማስፋት ስሞክር ሁለቴ ተሰነጠቀብኝ፣ ከተቆረጠ በኋላ አፉን በደንብ ካልሞረዱት ደግሞ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ጋሼ መጥቶ አየኝና «አንዴ አጥብቀህ አትተወው፣ ፈታ አድርገህ መልሰህ አጥብቀው፣ እንደዛ እያልክ ጫፉ ቦታውን ይይዛል» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ የፊቶቹ ማንጠባጠብ አቆሙ። የኋላ ግራው ግን እስካሁን ያልበዋል።

አሮጌውን ቱቦ ከውጭ ስታዩት ምንም አይልም። በመጋዝ ስሰነጥቀው ውስጡ ቡናማ ዱቄት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ በጎማው ቱቦ በኩል ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባል፣ እንደኛ አገር ዝናብ ባለበት ደግሞ አስቡት። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል፣ ከፈላ እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ድረስ ይገባል። ለዚህኛው የማይዝግ ቱቦም መድኃኒት አይሆንም፣ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው።

እሱን እያሰብኩ ነው ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ቅጥያ ያየሁት። የብረቱ ቱቦ ተቆርጦ መሃሉ አንድ ክንድ የማይሞላ መዳብ ገብቶበታል። መዳብ ለፍሬን አይሆንም፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ይቺን ፊያት 124 ስፖርት ደግሞ ከአባዬ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም፣ «በአራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን ናት» እያለ ሲያወራላት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

እና ጊቤ መጣብኝ። አዲስ አበባ ስንሄድ አበልቲን አልፈን ቁልቁለቱ መሃል ላይ ሁሌ ይቆማል። «ውረዱና ጉማሬ ፈልጉ፣ ቀድሞ ላየ ሚሪንዳ አለው» ይለናል። ከዛ ከፍታ ላይ ሆኖ ጉማሬ የሚያይ ማነው፣ እኛ ግን «ያውና! እሱ ድንጋይ ነው!» እየተባባልን እንጣላለን፣ እሱ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ይቆያል፣ የሆነ የተቃጠለ ነገር ይሸተናል፣ የአገሩ ሽታ ነበር የሚመስለኝ። ከዛ ሲበቃው «በሉ ግቡ» ይልና በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለሁላችንም ሚሪንዳ ወልቂጤ ላይ ይገዛል፣ ማንም ጉማሬ ሳያይ።

ፍሬኑ እስኪበርድ ነበር። አሁን ነው የገባኝ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆይቼ። አራት ልጅ ከኋላ ጭኖ፣ ያቺን መዳብ ወንበራችን ስር እያወቃት፣ ምን እያሰበ ነበር የሚወርደው? ብር ስላልነበረው ነው? ወይስ አንዴ ከያዘች ትይዛለች ብሎ? እጄ ላይ ቱቦውን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ፣ የኋላ ግራውን ረስቼዋለሁ።

ማታ ቡና ላይ እማዬን ጠየቅኳት፣ ጊቤ ላይ ለምን ነበር የምንቆመው አልኳት። «ጉማሬ ልታዩ ነዋ» አለችና ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳበችው። እሷ እኮ ሁሌ ፊት ነበር የምትቀመጠው፣ ያ ሽታ ለኛ ለልጆቹ ከደረሰን ለሷ እንዴት አይደርሳትም?