የሩፋኤል ዋዜማ ጨረቃ

ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውጭ የሩፋኤል ዝናብ እየወረደ ነው። ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጠመቅ ወጥታለች፤ ጩኸታቸው እስከዚህ ይሰማኛል። የእኔ ሐሳብ ግን ገና ከትናንት ማታው የጨረቃ ግርዶሽ አልወጣም።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የበዓሉን በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። ምሽት 1:30 ገደማ በምሥራቅ በኩል ደመናው ገለጥ ሲል ሙሉዋ ጨረቃ ከታች በኩል ተገምጣ አየናት። ጥቁሩ ጥላ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣባት። 2:30 ሲሆን ነጩ ብርሃን ፈጽሞ ጠፋ፤ ግን አልጠቆረችም። በእናቴ ሰፌድ ላይ እንዳለው የበርበሬ ዛላ ቀላች። እናቴ አማተበችና «እግዚኦ፣ ደም ለበሰች እኮ!» አለች።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «አባዬ፣ ጥላ ከሆነ ለምን ቀይ ሆነ?» አለችኝ። የምድር ጥላ ቢሸፍናትም በዙሪያችን ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን እያጎበጠ ወደ ጥላው ውስጥ ያስገባዋል፤ ሰማያዊው በመንገድ ይበተንና ቀዩ ይደርሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ አድማሱ የሚቀላውም በዚሁ ምክንያት ነው አልኳት።

ከዚያ ደመናው ሸፈናት። ወደ ቤት ገብተን መብራቱን አጠፋሁና ቁም ሣጥኑ ላይ ሻማ ለኮስኩ። ልጄን መሐል ወለሉ ላይ አቁሜ ሎሚ አስያዝኳት። ሻማው ፀሐይ፣ ሎሚው ጨረቃ፣ የእርሷ ጭንቅላት ምድር። ክንዷን ዘርግታ ባለችበት ስትዞር በሎሚው ላይ መጀመሪያ ቀጭን የብርሃን ቅርፊት ታየ፤ ቀጥሎ ግማሹ በራ፤ ጀርባዋን ለሻማው ስትሰጥ ሙሉ ይሆናል ስንል የራሷ ጥላ ዋጠው። «ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ለምን ወር በወሩ አይጠፋም?»

ይህን ጥያቄ በእርሷ ዕድሜ ሳለሁ አልጠየቅሁም። የጨረቃን መልኮች ሸምድጄ ፈተና አልፌአለሁ፤ ጨረቃ በ29 ቀን ተኩል ዙሯን እየጨረሰች ለምን በየሙሉ ጨረቃው ግርዶሽ እንደማይሆን ግን ሳላስበው አደግሁ። የልጄን እጅ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ሎሚው ከጥላዋ በላይ አለፈና በራ። የጨረቃ መንገድ ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነው። 5 ዲግሪ ኢምንት ይመስላል፤ በሰማይ ላይ ግን አሥር ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘው ስፋት ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጨረቃ ከጥላችን በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ሁለቱ መንገዶች በሚቋረጡበት አካባቢ ሙሉ ስትሆን ብቻ እንደ ትናንቱ ትያዛለች። በዚያው አካባቢ እርሷ በፀሐይና በእኛ መካከል ስትገባ ደግሞ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና የታየችው እንዲህ ነው።

ሌላም ዝንባሌ አለ። ለብዙ ዓመታት ብርድና ሙቀት ከፀሐይ በመራቅና በመቅረብ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው ግን በገና ሰሞን፣ ደጋውን ውርጭ በሚመታው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይበልጥ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ሲሆን ወደ 152 ሚሊዮን ይደርሳል። ወቅቶችን የሚያፈራርቀው ምድር የምትሽከረከርበት ምናባዊ መስመር፣ የዛቢያዋ፣ በ23.5 ዲግሪ ማዘንበል ነው። ግቢያችን ያለው የልብስ ማስጫ እንጨት ምስክሬ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ይዞራል። ክረምታችን ፀሐይ ወደ ሰሜን በምታደላበት ጊዜ መሆኑ ዛሬም ይደንቀኛል። የዝናቡ ቀበቶ እርሷን ተከትሎ ወደ እኛ ይወጣል፤ የምንንቀጠቀጥበት ብርድም ደመናው ስለጋረዳት ነው።

4 ሰዓት ሊሆን ሲል ተመልሰን ወጣን። ደመናው ሳስቷል። ቀድሞ የጨለመው የታችኛው ጎኗ ቀድሞ በራ፤ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ኋላም እንደ ጥፍር። ልጄ ሎሚውን እንደያዘች ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ቀስቅሼ አሳየኋት። እናቴ «ተመስገን፣ ወጣች!» ብላ የቀረውን በርበሬ ይዛ ገባች።